መጀመሪያ የላዩን

ኦስማር ከትሬሌው መጣ፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ኮረት አቋርጦ፣
ፀጉሩ በንፋስ ተበጥሮ፣ ከንፈሩ በአቧራ ተለውጦ።
ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። "መኪናው እንዴት ነው?" አለኝ፤
መኪናውን ይሁን እኔን የጠየቀው፣ እንጃ፣ አልገባኝ።
"ከኋላ በኩል ነው" አልኩት፣ "ሲታጠፍ ያቃስታል፤
ነገ በግ ሸላቾቹን ላመጣ ነው፣ ዘይቱ አርጅቷል።"

ጃኬቱን አጥሩ ላይ ሰቀለ። ንፋሱ ወዲያው እጅጌውን ሞላው፣
ሰው የሌለበት ሰው ሆኖ ቆመና ክንዱን ወደ እኔ አወዛወዘው።

ክሪኩን ሰጥተን፣ ጉማጅ ደግፈን፣ ከሆዱ ስር ተጋደምን፣
ትከሻ ለትከሻ፣ ልጆች ሳለን አንድ ፍራሽ ላይ እንደተኛን።
ከላያችን ያ የብረት ዱባ፣ በጭቃና በቅባት ተለብጦ፣
በሆዱ ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ ተቀምጦ።

አባታችን ኤቫሪስቶ ሲያስረዳን፣
"መንገድ ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ብዙ ይሄዳል፣ የውስጡ ጥቂት፤
አንድ ላይ ቢታሰሩ አንዱ ይላጣል።
ዲፈረንሻል ማለት እንደየመንገዳችሁ ሂዱ የሚላቸው ነው፣ ሳይለያያቸው።
ግን ጠማማ ፍርድም አለበት፤
አንዱ ረግረግ ከገባ ጉልበቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፣
እሱ በከንቱ ሲሽከረከር፣ መሬት የረገጠው ቆሞ ያያል።"
ይህን ሲል ማናችንን ያይ እንደነበር
እኔና ኦስማር ዛሬም አንስማማም።

ሌላም ሕግ ነበረው፣ የጋራዡ በር ላይ በምስማር የጫረው፤
"መጀመሪያ የላዩን። መሙያውን ሳትፈታ ማፍሰሻውን አትንካው።"

ኦስማር ቸኮለ። ቁልፉን ከታችኛው ብሎን አገናኝቶ ገፋ፣
"ቆይ!" ከማለቴ በፊት
ጥቁሩ ወረደ። ወፍራም፣ ለብ ያለ፣ ዲን ዲን የሚሸት፣
የስንት ዓመት መንገድ፣ አባባን ሆስፒታል ያደረስኩበት ሌሊት ያለበት።
ማግኔቱ ጫፍ ላይ የተጠራቀመውን በጣቴ አሸሁት፤
"አመድ ነው፣ ስብርባሪ የለውም፤ ጥርሱ ደህና ነው" አልኩት።

የላዩ ግን እምቢ አለ።
ቁልፉ አንሸራተተ። የብሎኑ ማዕዘን ተላጠ። የኦስማር መዳፍ ደማ።
አሮጌው ሳህን ላይ፣ አዲሱ ጣሳ ውስጥ፣ መሐል ላይ ባዶ ሆድ፤
ቅርብ የሚባለው ጎረቤት አርባ ኪሎ ሜትር፣ ከንፋስ በቀር ድምፅ የማይሰማ።

ያኔ ነው የተናገረው፣ ፊቱን ወደ ብረቱ እንዳደረገ፤
"ድርሻዬን ልሽጥ ያልኩት ዕዳ አንቆኝ ነው እንጂ..."
አልጨረሰውም። እኔ ቀጠልኩበት፤
አባባን ያገላበጥኩባቸውን ሌሊቶች፣ ያላነሳውን ስልክ፣
የጠበቃውን ደብዳቤ፣ "ክብርት ነሊዳ" ብሎ የሚጀምረውን፣
እኔን፣ እህቱን!
ሁሉንም አወረድኩት። እሱም አወረደ።
ባዶው ሳጥን ከላያችን ሆኖ ሰማን።

በኋላ ተነስቼ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አመጣሁ፣ የጋዝ ችቦውንም።
ሳህኑን አራቅን። "አሙቀው" አልኩት። አሞቀ።
ቧንቧውን በቁልፉ እጀታ ላይ ሰካን፤
አራት እጅ፣ አንድ ትንፋሽ፣
ቀጭ!
የማናችን አጥንት ተሰበረ ብዬ ነበር። ብሎኑ ነው።

አዲሱን ለበጎቹ የትል መድኃኒት በምንግትበት ፓምፕ ሞላነው፤
ማር መሳይ፣ የማይቸኩል። ኦስማር ይገፋል፣ ቱቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ።
ስንት ሊትር ይበቃዋል? ራሱ ይናገራል፣ ሲጠግብ በአፉ ይመልሳል፤
ቀጭን ክር ወርዶ አገጬ ላይ ሲያርፍ
ኦስማር ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከንፈሬን እንደገጠምኩ፣ እንዳይገባብኝ።

ሲመሽ ግቢውን ሁለቴ ዞርን፣ በግራም በቀኝም።
"አሁንም ትንሽ ያቃስታል" አለ።
"ይሄዳል" አልኩት።

በዚያው ሌሊት ተመለሰ። ጃኬቱን አጥሩ ላይ ረስቶታል።
አላወረድኩትም።